የግሩም መኪና

መልካሙ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በባሕር ዳር ጋራዦች ባቲላሜራ ሆኖ ሠርቷል። የተጨማደደ ቆርቆሮ ሲያቃና፣ ስቱኮ ሲሞላ፣ ቀለም ሲረጭ ጎልማሳነቱ አለፈ። ቀለሙ ሳንባውን ሲነካበትና ሳሉ አላስተኛ ሲለው ሥራውን ተወ። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ሌሎች የደበቁትን እየገለጠ ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ይጠራዋል፤ እሱም መኪናው ተጋጭቶ እንደሆነ፣ ተገልብጦ እንደሆነ፣ ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ይነግረዋል።

ዕቃው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የኪስ ባትሪና መሬት ላይ አንጥፎ የሚተኛባት አሮጌ ምንጣፍ ናት። ሰው የሚያውቀው ግን በአነጋገሩ ነው። ያየውን እዚያው፣ ባየበት ቅጽበት፣ ጮክ ብሎ ይናገራል። ገዥም ይሰማል፣ ሻጭም ይሰማል። ደላሎች አይወዱትም። «በጆሮ የሚንሾካሾክ ሰው የሆነ ነገር አለው» ይል ነበር፤ በዚህ ጠባዩም ትንሽ ይኮራ ነበር።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ርሆቦት የምትባል የኮሌጅ አስተማሪ ጠራችው። ከሐዋሳ መጥታ ባሕር ዳር ሥራ ከያዘች አራት ዓመቷ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ልትገዛ ነው። መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት፤ ሽምብጥ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ቆማለች። የምትሸጠው እናትዓለም የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ አነጋገሯ የተጣደፈ ሴት ነች።

«የወንድሜ ነበረች» አለች። «ትንሽ ተጭራ ነበር፤ አሠርተናታል። እናንተ እዩ፤ እኔ ሊብሬውን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ልምጣ። ፈራሚው አባቴ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ይመጣሉ።»

እሷ ስትወጣ መልካሙ ሥራውን ጀመረ። ኮፈኑን ከፍቶ ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ ተፈትቷል» አለ። «የብሎኖቹ ጠርዝ ቀለሙ ተልጧል፤ መፍቻ ገብቶባቸዋል።»

«መጥፎ ነው?» አለች ርሆቦት።

«ብቻውን ምንም አይደል። እንይ እስቲ።»

ማግኔቱን በቀኝ በሮች ላይ አስኬደው፤ ያዘ። ወደ ግራ ዞረ። ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ሲያስጠጋው ማግኔቱ አልያዝ ብሎ መዳፉ ውስጥ ወደቀ። ወደ ጣሪያው ወሰደው፤ ከሾፌሩ በላይ ባለው በኩል እንደገና ወደቀ። «ብረቱ ከሥር ጠልቋል» አለ። «ይህን ሁሉ የሞላው ስቱኮ ነው።»

በዚህ መካከል የግቢው በር ተከፈተና ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ገቡ። «እንደምን አረፈዳችሁ» አሉ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው መለሱላቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ መኪናዋ ተጠጉና እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ አሳረፉ። መልካሙ የጎረቤት ሰው መሰሉት። ሰው ቆሞ ሲያየው ደግሞ ደስ ይለዋል፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

የሾፌሩን በር ከፍቶ የበሩን ጎማ ወደ ታች ሳበው። የኪስ ባትሪውን አበራ።

«ነይ እይ። ፋብሪካ ሲበይድ በእኩል ርቀት ነጠብጣብ እያደረገ ነው። ይህ ግን ተንዘላዝሎ የወረደ የእጅ ብየዳ ነው። ጣሪያውን የተሸከመው ምሰሶ ተቆርጦ ሌላ ተቀጥሎበታል።» ምንጣፉን አንጥፎ በጀርባው ገባና ወንበሩ ሥር ፈለገ። «የሾፌሩ ቀበቶ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ የተጻፈበት ዓመት ከተሳፋሪው ጋር አይገጥምም። የአሮጌው ጫፍ ይኸውና፣ እንደታሰረ ረስተውት። በስለት ነው የተቆረጠው።»

ተነሥቶ እጁን አራገፈ።

«እህቴ፣ ይህችን መኪና ተያት። በግራ ፊቷ አንድ የማይነቃነቅ ነገር መትታለች፤ ከዚያ ተገልብጣለች። ጣሪያው ሾፌሩ ላይ ነው የወረደው። ቀበቶውን ቆርጠው ነው ያወጡት። እግዜር ይማረውና የተረፈም አይመስለኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከጣሪያው አላነሡም።

«ምን አልህ ልጄ?» አሉ።

መልካሙ ጆሯቸው የደከመ መሰለው። ድምፁን ከበፊቱ ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል ደገመላቸው። ሲጨርስ ሽማግሌው የተሳሳተ ተማሪ እንደሚያርም ሰው በለሰለሰ አንደበት፣ «የለም» አሉ። «ይህች የልጄ መኪና ናት። የግሩም። ልጄ የሞተ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ገና ከደጅ ሳይወጣ። ልቡ ነው ቀጥ ያለበት።»

ርሆቦት አፏን በእጇ ያዘች። መልካሙ ማግኔቱን ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ ኪሱን አጣው።

እናትዓለም ወረቀቱን በእጇ ይዛ የገባች በዚህ ጊዜ ነው። አባቷን አየች። ሁለቱን ሰዎች አየች፤ የተከፈተውን በር አየች። ማንም ምንም ሳይነግራት እዚያው በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«በማለዳው ጀልባ መጣሁ» አሉ አባቷ። «ቶሎ ላያት ብዬ። ይህ ሰው ምንድን ነው የሚለኝ እናትዓለም?»

እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጠፈችው። 

ሽማግሌው የኔታ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ዘጌ ላይ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ቄስ ናቸው። የአሥር ወር ነገር ነው። ሐምሌ ላይ የሚስታቸው ሙት ዓመት ነበር። ዳንግላ የሚሠራው ልጃቸው ግሩም እንደሚመጣ ተናግሮ፣ ጠዋት መንገድ ሳይጀምር ቀረ። ደወሉለት። ሥራ ይዞኝ ነው ብሎ ሲያመካኝ ተቆጡ። ከሰዓታት በኋላ ሞቱ ተሰማ። እናትዓለም ልቡ ነው አለቻቸው፣ ከቤቱ ሳይወጣ ነው አለቻቸው፤ ቁጣዬ መንገድ አስወጥቶ ገደለው እንዳይሉ። አስከሬኑ በተዘጋ ሣጥን መጣ፤ ዘጌ ተቀበረ። ጊዜው ሲገፋ የኔታ የልጄን መኪና አምጡልኝ፣ ልያት፣ የተቀመጠበት ልቀመጥ ማለት አበዙ። እሷም የተጨፈለቀችውን መኪና በምሥጢር አስጠግና አስቀባቻት። ገዥን ለማታለል አልነበረም፤ ለአባቷ ዓይን ነው ያሠራቻት። የኔታ ካዩዋት በኋላ ሸጦ መገላገል ነበር ሐሳቧ።

ይህን ሁሉ መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ ቃሏ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው።

መልካሙ ምንጣፉን ጠቀለለ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ አላወቅሁም» አለ።

«የት ትሄዳለህ? የጀመርኸውን ጨርስልኝ» አሉት።

«ምኑን?»

«ንባቡን። ከመካከል ነው የተውኸው። በየት በኩል መታች? እንዴት ተገለበጠች? አሳየኝ።»

መልካሙ ወደ እናትዓለም ተመለከተ፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። የኔታ እጃቸውን ዘረጉለት። ያዛቸውና በመኪናዋ ዙሪያ መራቸው፤ ጣታቸውን በብየዳው ላይ፣ በስቱኮው ላይ፣ በተቆረጠው ቀበቶ ጫፍ ላይ አሳረፈላቸው። ጮክ ብሎ መናገር የለመደው ሰው በዝግታ፣ ለእሳቸው ብቻ ይናገር ነበር።

«ቀበቶውን አስሮ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«አዎ የኔታ። አስሮ ነበር።»

«ሦስት ጊዜ ነው የደወልሁለት። መጀመሪያ አነሣው። ለእናትህ ሙት ዓመት የማትደርስ ልጅ ለእኔም አትደርስልኝ አልሁት። ሁለቱን ጊዜ አላነሣም።» የቀበቶውን ጫፍ ዳሰሱ። ከዚያ፣ «ስልክ ሊያነሣ ሲል ነው የተገለበጠው? ይህን ታውቅልኛለህ?»

መልካሙ በሙያው ሰው ጠይቆት አላውቅም ያለበት ጊዜ ጥቂት ነው።

«ይህን መኪና አይናገርም የኔታ» አለ።

ርሆቦት ልትሰናበት ስትቀርብ እንባዋ እየወረደ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ። እኔ ነኝ ሰው የጠራሁት» አለች። የኔታ ራሷን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ፤ «አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ» ብለው አሰናበቷት። ከዚያ ወደ እናትዓለም ዞረው ግሩም የወደቀበትን ቦታ እንድታሳያቸው ጠየቁ። ነገ አላሉም፤ አሁን ነው ያሉት።

መልካሙ አሮጌ ኮሮላ ነበረችው። ይዟቸው ሄደ።

የኔታ ከፊት ተቀመጡ፤ እናትዓለም ከኋላ። መራዊ ደረሱ። መስኖ የሚያጠጣው ማሳ ግራና ቀኝ ለምልሟል፤ አውቶቡሶች እያለፏቸው ይሄዳሉ። መልካሙ በየጊዜው ፍጥነቱን ይቀንሳል። እሱ ራሱ ከዚህ መንገድ ስንት የተጨፈለቀ መኪና ተጎትቶ እንደመጣለት ሊቆጥር ሞከረ። የደም ነጠብጣብ ያጠበበት ጊዜ ነበር፤ የልጅ ጫማ ከወንበር ሥር ያወጣበት ጊዜ ነበር። አቃንቶ፣ ቀብቶ፣ አስረክቧል። አንድ ቀን እንኳ የማን ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ዱርቤቴ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው እናትዓለም፣ «እዚህ ጋ» አለች። መንገዱ የሚታጠፍበት፣ ትንሽ የሲሚንቶ ድልድይ ያለበት ቦታ ነው። የድልድዩ ጠርዝ አንድ ማዕዘኑ ተሸርፏል። መልካሙ ሽራፊውን ሲያይ የመኪናዋ ግራ ፊት ታየው፤ ቁመቱ ልክ ነበር። ያየውን ለራሱ ይዞ ኮሮላዋን ጥግ አስያዘ።

ከመንገዱ በታች ሽንኩርት የምታርም አሮጊት ቀና ብላ አየቻቸው። እናትዓለምን ስታይ ማረሚያዋን ጥላ መጣች። ሸጊቱ ትባላለች። ግሩምን ከመኪናው ያወጣችው እሷ ናት፤ እናትዓለም በአርባው መጥታ አመስግናታለች። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የቆሙትን ሽማግሌ ስታይ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ጎነበሰች፤ የኔታ ያዟት።

«አባቱ ነኝ» አሉ። «ያየሽውን ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪብኝ።»

«ያካፋ ነበር አባቴ» አለች ሸጊቱ። «ወንዶቹ ገበያ ወርደዋል። ከብት መንገድ ላይ ነበር። መኪናዋ ከዚህ ከእጥፋቱ ብቅ አለች፤ ላሞቹን ስትሸሽ ድልድዩን መታች። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ ተገልብጣለች። ልጁ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ያሰረውን ነገር መፍታት አላውቅበት፤ በማጭዴ ቆረጥሁት። ጎረቤቴን ጠራሁና ሣሩ ላይ አጋደምነው።»

«ይናገር ነበር?»

ሸጊቱ መሬት መሬት አየች። «ውኃ ስጪኝ አለኝ። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ልጅ የተጎዳ ሰው ውኃ አታጠጡ ብላ ነግራናለች። ቆይ ልጄ፣ ሐኪም ቤት ትጠጣለህ እያልሁ ከለከልሁት። ሦስት ጊዜ ለመነኝ። ባጃጅ ስናስቆም፣ ስንጭነው፣ ዱርቤቴ ሳይደርስ አረፈ። ያን ቀን ቤቴ ውስጥ ሙሉ እንስራ ውኃ ነበረኝ። እስከ ዛሬ ውኃ ቀድቼ በመጣሁ ቁጥር ያ ልጅ ይታየኛል። አንድ ጉንጭ ባጠጣው ኖሮ ምን ይጎዳው ነበር እላለሁ።»

የኔታ ሁለት እጇን ያዙ። እጇ አፈር ነበረው።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ይተርፋል ብለሽ ነው የከለከልሽው። አንቺ ባትኖሪ ልጄ ተንጠልጥሎ ብቻውን ይሞት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነገር ራስሽን አትክሰሽ፤ እኔ አባቱ ነኝ የምልሽ።»

አሮጊቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እናትዓለም አቀፈቻት። የኔታ ሸጊቱ ጸጥ እስክትል ጠበቁ።

«ስልክ ይዞ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ስልኩ ሣሩ ውስጥ ወድቆ ነበር። ሁለት ጊዜ ጮኸ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ማንሣቱንም አላውቅበትም። ልጁ ግን ሰማው። አባቴ ነው አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለም። አባቴ ነው ብሎ ዝም አለ።»

የኔታ ወደ ድልድዩ ሄደው ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። መኪኖች ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ሾፌር ሽማግሌው ታክሲ የሚጠብቁ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። መልካሙ ከጎናቸው ቆመ። ሲደውሉ ልጃቸው ገና በሕይወት እንደነበረ አሁን ገብቷቸዋል። ስልክ ሊያነሣ ሲል ነው የሚለው ጥያቄ ተመልሷል፤ ስልኩ የጮኸው ከተገለበጠ በኋላ ነው፤ መልካሙ ይህ ያሳርፋቸው ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር።

«ሁለቱንም ጊዜ በቁጣ ነበር የደወልሁት» አሉ የኔታ። «አላነሣ ሲለኝ ስልኩን ወረወርሁት።»

መልካሙ ድልድዩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠ።

ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ የኔታ ልጃቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው አላዩአትም። በማግሥቱ በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። እናትዓለም እስከ ጀልባው ሸኘቻቸው፤ መስቀላቸውን አሳልመው ተሰናበቷት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

መኪናዋን ማንም አልገዛትም። የኔታ ሰው እንዳይሳፈርባት ብለው ላኩ። መልካሙ ራሱ ሄዶ ፈታት። ሞተሩና ጎማዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ፤ አካሏን የብረት ነጋዴ ቆራርጦ ወሰደው። ርሆቦት ከወር በኋላ ሌላ መኪና አግኝታ መልካሙን ጠራችው። ሲደርስ ከመነካካቱ በፊት ሻጩን ወደ ጎን ወስዶ መኪናዋ የማን እንደነበረች፣ ባለቤቷ አሁን የት እንዳለ ጠየቀ። ያየውን ሁሉ እንደ ድሮው ሳያስቀር ተናገረ፤ ግን በዝቅታ፣ የሰማችው ርሆቦት ብቻ ነበረች።

ሐምሌ ሲገባ የእናትና የልጅ ሙት ዓመት በአንድ ቀን ዋለ። የኔታ ለመልካሙም ለሸጊቱም ላኩባቸው። ሸጊቱ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። መልካሙን ክንዱን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እመቤቴን እየጠራች ተሻገረች። ከወደቡ ጀምሮ በቡና ዛፎች መካከል ባለው መንገድ ቀስ እያሉ ወጡ። ጸሎቱ ደርሶ ሕዝቡ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የኔታ ሸጊቱን እጇን ይዘው ከዘመዶች መካከል አስቀመጧት፤ «ልጄን ያወጣችው ናት» እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው ተናገሩ። እንዴት እንደሞተ እሳቸው ራሳቸው ለሰው ሁሉ ነገሩ። ዘጌ ግሩምን ለሁለተኛ ጊዜ አለቀሰችለት።

መልካሙ እናትዓለምን ያያት ነበር። ታስተናግዳለች፣ ታነሣለች፣ ታቀርባለች፤ አባቷ አጠገብ ግን አትቆምም። ሁለቱ ወር እንዲህ ነው ያለፈው፤ ዘጌ መጥታ ምን ይምጣልዎ ስትላቸው፣ ምንም፤ ደኅና ነዎት ስትላቸው፣ ደኅና።

ሰው ተበትኖ ዳሱ ውስጥ መልካሙና ሸጊቱ ብቻ ከቤተሰቡ ጋር ሲቀሩ እናትዓለም የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ወደ አባቷ ቀረበች። ውኃውን ስታፈስላቸው የኔታ እጃቸውን ታጥበው አልመለሱትም፤ የእሷን እጅ ያዙት።

«ያን ጊዜ ሬሳውን ያየሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባዬ። ያጠብሁትም እኔ ነኝ፤ ከሁለት ሰዎች ጋር።»

«ከዚያ እዚህ መጥተሽ ልቡ ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ሌላ ሞት ሳለቅስ፣ አንቺ ይህን ሞት ዓመት ሙሉ ብቻሽን አለቀስሽው።»

እናትዓለም ራሷን ነቀነቀች።  አባቷ ወንበራቸው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ ማስታጠቢያውን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። ትከሻቸው ሲነካካ ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ አለቀሱ።

መልካሙ ሸጊቱን ነካ አደረጋትና ቀስ ብለው ወጡ። ካፊያ ጀምሮ ነበር። የጀልባው ሰው የመጨረሻው ጉዞ ነው እያለ ከታች ይጣራል።